የሳተላይት ሬዲዮ ለትራክ፦ ከፋብሪካው ቴፕ ጋር የሚያገናኙት አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው የኤፍኤም ጣቢያ ዕድሜው አጭር ነው። ከከተማ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ድምፁ መሸርሸር ይጀምራል። በዋዮሚንግ ኢንተርስቴት 80 ወይም በኔቫዳ ሀይዌይ 50 ላይ ደግሞ የስልኩ ኔትወርክም አብሮ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። ሲሪየስኤክስኤም የሚባለው የሳተላይት ሬዲዮ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ ግዢው ግን ግራ ያጋባል። አንዱ ሻጭ ክሩስኮቶ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ሬዲዮ ያሳያል፣ ሌላው ቴፑ ካልተቀየረ አይሆንም ይላል፣ ጓደኛ ደግሞ «ስልክህ ላይ አፑን ጫንና ተገላገል» ብሎ ይመክራል። ሦስቱም ለአንዳንድ ሰው ትክክል ናቸው። የሚለያቸው ትራኩ የማን ነው፣ ምን ዓይነት ቴፕ አለው፣ የሚሄዱት በየትኛው መስመር ነው የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው።

ሌላው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። ሲሪየስኤክስኤም ላይ የአማርኛ ቻናል የለም። ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ የቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት፣ በቻናል 146 ስለ ትራክ ሥራ ብቻ የሚያወራው ሮድ ዶግ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። ለመስማት የፈለጉት የአማርኛ ዜና፣ ስብከት ወይም ዘፈን ብቻ ከሆነ ግን ከታች ከተዘረዘሩት ውስጥ የሚጠቅምዎ አምስተኛው፣ የስልኩ መንገድ ነው። ሌላውን አይግዙ።

## ምናልባት አስቀድሞ አለዎት

ብዙ ሰው ውስጡ የሳተላይት መቀበያ ያለው ቴፕ ይዞ ሌላ ሬዲዮ ይገዛል። ማጣሪያው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ትራኩን ሜዳ ላይ፣ ከላዩ ጣሪያም ድልድይም በሌለበት ያቁሙት። የቴፑን ምንጭ መምረጫ እየተጫኑ ከኤኤም፣ ከኤፍኤምና ከኦክስ (ድምፅ በገመድ ከሚገባበት ቀዳዳ) ቀጥሎ የሳተላይት ምርጫ ይመጣ እንደሆነ ይመልከቱ። ከመጣ ወደ ቻናል 0 ይሂዱ። እዚያ ላይ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ የሆነ፣ 8 ወይም 12 ምልክት ያለው መለያ ከታየ መቀበያው ውስጡ አለ ማለት ነው። መለያውን በወረቀት ሲገለብጡ ይጠንቀቁ፤ አይ፣ ኦ፣ ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት የላቲን ፊደላት በመለያው ውስጥ አይገቡም። ኦ የመሰለዎት ዜሮ ነው፣ ኤስ የመሰለዎት ደግሞ 5 ነው።

ስክሪኑ አንቴናውን እንዲፈትሹ የሚነግር መልእክት ካሳየም ጥሩ ምልክት ነው። መቀበያው አለ፣ የጎደለው አንቴናው ወይም የኬብሉ ግንኙነት ነው። የሳተላይት ምርጫው ጨርሶ ካልመጣ፣ ወይም ቢመጣም መለያ የማያሳይ ከሆነ ቴፑ መቀበያ የለውም።

ክሩስኮቶውን ከፍቶ ከቴፑ ጀርባ ማየትም ይረዳል። በዘመናዊ ተሽከርካሪ ላይ የአንቴና ማያያዣዎች በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊው የጂፒኤስ ነው። የካሪ ቅመም የመሰለ ቢጫማ ቀለም ያለው የሳተላይት ሬዲዮ ነው። ይህ ማያያዣ ቴፑ ላይ ኖሮ ገመድ ካልገባበት፣ ፋብሪካው ሬዲዮውን ሰጥቶ አንቴናውን ትቶታል ማለት ነው።

## የምንመዝንባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው ባለቤትነት ነው። በካምፓኒ ትራክ ላይ ሽቦ መቁረጥ፣ ጣሪያ መብሳት ወይም ቴፕ መንቀል ያለ ፈቃድ አይቻልም። ትራክ ሲቀይሩዎትም ዕቃው አብሮዎት መሄድ አለበት። ኦውነር ኦፕሬተር (የራሱን ትራክ የሚነዳ) ግን በዚህ አይገደብም።

ሁለተኛው ድምፁ ከመቀበያው ወደ ቴፑ የሚሄድበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው «የሳተላይት ሬዲዮ ድምፁ መጥፎ ነው» ብሎ የሚያማርረው ሳተላይቱ ጥፋት ኖሮበት አይደለም። ድምፁን በኤፍኤም አስተላላፊ (በአየር ላይ ወደ ቴፑ በሚልክ ትንሽ ዕቃ) ስለላከው ነው። ሦስተኛው የአንቴናው ቦታ ነው፤ ይህን ለብቻው እናየዋለን። አራተኛው እየነዱ ስንት ጊዜ እጅና ዓይን ይወስዳል የሚለው ሲሆን፣ ዋጋ የመጨረሻው ነው። ዕቃው አንዴ የሚከፈልበት፣ ደንበኝነቱ ግን በየወሩ የሚከፈልበት ስለሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የደንበኝነቱ ነው።

## አንቴናው፦ ሥራው የሚበላሽበት ቦታ

የትኛውንም ሬዲዮ ቢመርጡ (ከስልኩ በስተቀር) ይህን ክፍል አይዝለሉት። የ60 ዶላር ሬዲዮ በትክክለኛ ቦታ ከተቀመጠ አንቴና ጋር፣ ከውድ ቴፕና በስህተት ከተቀመጠ አንቴና የተሻለ ይሠራል።

ሳተላይቶቹ ያሉት ከምድር ወገብ በላይ፣ በ85 እና በ115 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ሲታዩ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናቸው። ሂውስተን ላይ ወደ 50 ዲግሪ ከፍ ብለው ስለሚታዩ የሚጋርዳቸው ነገር ትንሽ ነው። ሲያትል ላይ ግን ከአድማስ በላይ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታቸው። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ዛፍ፣ ተራራ፣ ሕንፃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራስዎ ትራክ ይጋርዳቸዋል።

በከባድ ትራክ ላይ አንቴናውን ስፖኪዮው ላይ ማሰር የተለመደ ነው፤ ለማሰር ስለሚቀል። ነገር ግን ከስፖኪዮው ጀርባ ስሊፐሩ (የካቢናው መኝታ ክፍል)፣ ከዚያም 13 ጫማ ተኩል ቁመት ያለው ትሬለር ይቆማል። በኢንተርስቴት 5 ወይም 75 ወደ ሰሜን ሲነዱ ሳተላይቶቹ ከኋላዎ ስለሆኑ ስሊፐሩ ይሸፍናቸዋል። ወደ ደቡብ ሲመለሱ ደግሞ ሲግናሉ ሙሉ ይሆንና «ሬዲዮው አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም» ይባላል። በኢንተርስቴት 80 ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሾፌሩ በኩል ያለው ስፖኪዮ ደቡብን ያያል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ ግን የሚያየው የቀኙ ነው። ስለዚህ አንድ አንቴና ስፖኪዮ ላይ ከታሰረ ከሁለቱ ጉዞ አንዱ ላይ መቸገሩ አይቀርም። ከተቻለ ጣሪያው ላይ፣ ከፍተኛው ነጥብ ላይ ይሁን።

አንቴናው ከሥሩ ብረት ይፈልጋል፤ ብረቱ ሲግናሉን ወደ ላይ ይመልስለታል። የፋይበርግላስ ጣሪያ ከሆነ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የማይዝግ ቀጭን ብረት በጠንካራ የውጭ ማጣበቂያ ይለጥፉና አንቴናውን መሐሉ ላይ ያድርጉት። የአሉሚኒየም ጣሪያ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተሠራው ፎርድ ኤፍ150 እና ከ2017 ጀምሮ ያለው ሱፐር ዲዩቲ አካላቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይዛቸውም። አሉሚኒየሙ ግን ሲግናል ለመመለስ ያገለግላል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ብረት ሳያስፈልግ ማጣበቂያ ብቻ ይበቃል። በብረት ፒክአፕ ጣሪያ ላይ ማግኔቱ ራሱ ይይዛል፤ ከጠርዙና ከሌላ አንቴና አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት።

ከሲቢ (የሾፌሮች መነጋገሪያ ሬዲዮ) አንቴናም ያርቁት። በኤኤምና ኤፍኤም አንቴናው እንጠቀም የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ሳተላይቱ የሚያስተላልፈው በ2.3 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ የኤፍኤም ዘንግ አይቀበለውም። ክሩስኮቶ ላይ ከመስተዋቱ ሥር ማስቀመጥ በፒክአፕ አልፎ አልፎ ይሆናል፤ በትራክ ግን ጣሪያው ወደ ፊት ስለሚዘልቅ አይሆንም።

ኬብሉን በበሩ ጎማ ሲያሳልፉ በማጠፊያው በኩል እንጂ በመቆለፊያው በኩል አይሁን፤ መቆለፊያው በኩል በር በተዘጋ ቁጥር ይጨፈለቃል። ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ይንጠልጠል፣ የዝናብ ውኃ በኬብሉ ላይ ተከትሎ ወደ ካቢና እንዳይገባ። የተረፈውን ኬብል አይቁረጡ፤ ቆርጦ መቀጠል ሲግናሉን ይገድለዋል። ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልለው ከመቀመጫ ወይም ከክሩስኮቶ ሥር ያስሩት እንጂ በኃይል አጥፈው አያጥብቁት።

## 1. ቴፑ ውስጥ ያለውን ማስነሳት

ቻናል 0 መለያ ካሳየ የቀረው ደንበኝነት ከፍሎ ማስከፈት ነው። አንቴናው ብቻ ከጎደለ ማያያዣው የሚገጥም አንቴና ተገዝቶ ከላይ በተነገረው መሠረት ይቀመጣል። በመሪው ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ይሠራሉ፣ ክሩስኮቶው ላይ ተጨማሪ ዕቃ አይኖርም፣ ድምፁም ቀጥታ ነው።

ድክመቱ መለያው የትራኩ መሆኑ ነው። ካምፓኒው ትራኩን ሲወስድ ሬዲዮው አብሮ ይሄዳል። ደንበኝነቱን ወደ ሌላ መለያ ማዛወር ይቻላል፤ አዲሱ ትራክ መቀበያ ከሌለው ግን የሚዛወርበት የለም። ትራኩ ያገለገለ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ሲሪየስና ኤክስኤም ቀድሞ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፤ የተዋሐዱት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መቀበያ የአንዱን ብቻ ስለሚያነብ አዲሶቹን ቻናሎች በሙሉ አያገኝም። እንዲህ ዓይነቱ ላይ የዓመት ደንበኝነት ከመክፈልዎ በፊት በአጭር ጊዜ ቅናሽ ይሞክሩት።

## 2. ተለጣፊ ሬዲዮ ከማቀፊያው ጋር

ኦኒክስ፣ ሮዲ ቢቲ፣ ቱር የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። ሬዲዮው፣ ማቀፊያው፣ የኃይል ገመዱና ማግኔት አንቴናው በአንድ ካርቶን ይመጣሉ። ለካምፓኒ ሾፌር ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ትራክ ሲቀየር ነቅሎ መሄድ ነው፣ መለያውም ደንበኝነቱም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄው ድምፁ ወደ ፋብሪካው ቴፕ እንዴት ይግባ ነው። አራት መንገድ አለ፣ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው።

ኦክስ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ከማቀፊያው ወደ ቴፑ ቀዳዳ ይሰካል፣ በሬዲዮው ምናሌ ውስጥ የኤፍኤም አስተላላፊው ይጠፋል፣ አለቀ። ድምፁ ከቀነሰ ቴፑን ከማስጮህ በፊት በሬዲዮው ምናሌ የድምፅ መጠኑን ከፍ ያድርጉ። ሞተሩ ሲፋጠን አብሮ የሚቀጥን «ሲይይ» የሚል ድምፅ ከመጣ ምክንያቱ ሬዲዮውና ቴፑ ማሳ (ኔጌቲቭ) የሚያገኙት ከተለያየ ቦታ መሆኑ ነው። በኦክሱ ገመድ መሐል የሚገባ የማሳ ማለያያ ርካሽ ነው፣ ችግሩንም ያጠፋዋል። ከኃይል ገመዱ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሶኬት ይሞክሩ።

ብሉቱዝ ያለው ሬዲዮ ያለ ገመድ ስለሚያገናኝ ያማልላል፤ ግን አብዛኛው የፋብሪካ ቴፕ በአንድ ጊዜ ድምፅ የሚቀበለው ከአንድ ዕቃ ነው። ዲስፓቸር ሲደውል የሚያነሱት በዚያው ብሉቱዝ ከሆነ ሬዲዮውና ስልኩ ቦታ ይሻማሉ። ለስልክ የተለየ የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቀም ሾፌር ግን ይህ ችግር የለበትም።

የኤፍኤም ቀጥታ ማገናኛ ኦክስ ለሌለው ቴፕ ነው። ትንሽ ሳጥን ናት። የፋብሪካው አንቴና ገመድ ከቴፑ ጀርባ ተነቅሎ ሳጥኗ ላይ ይሰካል፣ ከሳጥኗ የሚወጣው ደግሞ ቴፑ ላይ ይገባል። ሬዲዮው ሲበራ የውጭውን አንቴና ስለምትዘጋ ሌላ ጣቢያ አይገባበትም። ድምፁ ከኤፍኤም ጥራት አይበልጥም፣ ግን ንጹሕ ነው። ማያያዣው የቆየው ወፍራም ዓይነት ይሁን አዲሱ ባለ ቀለም፣ ከመግዛትዎ በፊት ይዩት፤ ካልገጠመ አዳፕተር ያስፈልጋል።

አየር ላይ የሚለቀው የኤፍኤም አስተላላፊ የመጨረሻ አማራጭ ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚለቀው ኃይል እጅግ ዝቅተኛ እንዲሆን ተገድቧል። ዳላስ ላይ ባዶ የነበረው ፍሪኩዌንሲ ኦክላሆማ ሲቲ ሲደርሱ ጣቢያ ሊኖርበት ይችላል፤ ያኔ እየነዱ ፍሪኩዌንሲ ሲቀያይሩ ይውላሉ። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ዳሽካምም በዚሁ ሞገድ ላይ ጫጫታ ይጨምራሉ።

ስለ ኃይል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእነዚህ ሬዲዮዎች ማቀፊያ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚገባው ራስ ውስጡ 12ቱን ወደ 5 የሚያወርድ ዕቃ ይዟል። ገመዱን ቆርጦ ከፊውዝ ሳጥን 12 ቮልት በቀጥታ መስጠት ማቀፊያውን ወዲያው ያቃጥለዋል። ሶኬት መቆጠብ ከፈለጉ ከፊውዝ ሳጥኑ ሴት ሶኬት ያስወጡና ከክሩስኮቶ ጀርባ ደብቀው ዋናውን ራስ እዚያ ይሰኩት። ብዙ የትራክ ሶኬት ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል አይቋረጥበትም፤ በ34 ሰዓት ዕረፍት ላይ ሬዲዮውን ማጥፋት አይርሱ።

ማቀፊያውን የፊት መስተዋት ላይ አይለጥፉ። የፌዴራሉ የትራክ ደንብ መስተዋቱ ላይ ምን የት ሊሰቀል እንደሚችል ይወስናል፣ በሾፌሩ ዕይታ ውስጥ የተለጠፈ ሬዲዮም ፍተሻ ላይ ያስይዛል። ክሩስኮቶው ላይ ወይም የአየር መውጫው አጠገብ ይሁን።

## 3. ስውር መቀበያ ከአዳፕተር ጋር

ይህ በዋናነት የፒክአፕ ነው። ሆትሾት (በፒክአፕ የሚጎተት አስቸኳይ ጭነት) ለሚሠራና ራም 3500፣ ሲልቨራዶ ወይም የቶዮታ ፒክአፕ ላለው፣ የፋብሪካውን ቴፕ ሳይነቅሉ የሳተላይት ቻናሎችን እዚያው ስክሪን ላይ ማውጣት የሚፈልግ ከሆነ ያዋጣዋል። ሁለት ዕቃ ይገዛል። ኤስኤክስቪ300 የሚባለው ትንሽ መቀበያ አንዱ ነው። ሌላው ለዚያ ቴፕ ተብሎ የተሠራ አዳፕተር ሲሆን፣ ቴፑን «ከፋብሪካ የመጣ የሳተላይት ሳጥን ተገናኝቶልሃል» ብሎ ያሳምነዋል። የቻናሉ ስምና የዘፈኑ ርዕስ በፋብሪካው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ የመሪው ቁልፍም ቻናል ይቀይራል።

የሚበላሸው ምርጫው ላይ ነው። አዳፕተር የሚመረጠው በመኪናው ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን በቴፑ ዓይነት ነው። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ሲልቨራዶዎች የተለያየ ቴፕ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ቴፑን አውጥተው ጀርባው ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ለሻጩ ይላኩ። ከመክፈትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ለከባድ ትራክ ቴፕ እንዲህ ያለ አዳፕተር ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ለፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ወይም ለቮልቮ ትራክ የሚፈልግ ሰው ወደ ሁለተኛው መንገድ ቢመለስ ይሻለዋል።

## 4. ቴፑን መለወጥ

ለሳተላይት የተዘጋጀ አዲስ ቴፕና ያው ኤስኤክስቪ300 አብረው ይገዛሉ። መቀበያው ኃይሉን ከቴፑ ስለሚያገኝ ተጨማሪ ሽቦ አይጠይቅም። ድምፁ ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ብሉቱዝና የስልክ ስክሪንም አብሮ ይመጣል። የራሱ የቆየ ትራክ ላለውና ቴፑ ከነጭራሹ ለደከመበት ይህ ተገቢ ነው።

የሚያጡትን ግን ቀድመው ይቁጠሩ። የፋብሪካ የትራክ ቴፕ ብዙውን ጊዜ በ162.400 እና በ162.550 ሜጋ ኸርዝ መካከል ያሉትን ሰባት የመንግሥት የአየር ጠባይ ቻናሎች ይቀበላል፤ ተራ የመኪና ቴፕ አይቀበልም። በክረምት ዋዮሚንግ ለሚያልፍ ሾፌር ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ ለከባድ ተሽከርካሪ ተብሎ የተሠራ፣ የአየር ጠባይ ሞገድ ያለው ቴፕ ይፈልጉ። በአዳዲስ ትራኮች ላይ የመሪው ቁልፎች የሚነጋገሩት በመኪናው ዳታ መስመር ስለሆነ ተስማሚ ማገናኛ ካልተገኘ ዝም ይላሉ። በብዙ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፕ ላይ ደግሞ የበርና የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚወጣው በቴፑ በኩል ነው፤ ማገናኛው ይህን የሚተካ ዓይነት ካልሆነ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል።

አዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ሽቦ ቋሚ ኃይል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። የመኪናው ሽቦ ግን ይህን ቀለም አይከተልም፤ በሜትር ይለኩ ወይም ለትራኩ የተሠራ ሶኬት ይግዙ። ቢጫውና ቀዩ ከተቀያየሩ ቴፑ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች በየቀኑ ይረሳል።

## 5. ስልክና አፑ

አንቴና የለም፣ ሽቦ የለም፣ የሚገዛም ዕቃ የለም። አማርኛ የሚገኘውም እዚህ ብቻ ነው፤ የአገር ቤትና የዳያስፖራ ጣቢያዎች፣ ፖድካስቶች፣ መዝሙሮች ሁሉ።

ዳታው ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚለቅ ስርጭት በሰዓት ወደ 29 ሜጋ ባይት፣ 128 የሚለቀው ወደ 58፣ 256 የሚለቀው ደግሞ ወደ 115 ሜጋ ባይት ይበላል። በቀን አሥር ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ለሚነዳ ሰው የመጨረሻው ወደ 29 ጊጋ ባይት ይደርሳል። የድምፅ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ የዳታ ጣሪያ ላለው ሰው ግዴታ ነው። ኔትወርክ ለሚጠፋበት መስመር ደግሞ ማታ ትራክ ስቶፕ ላይ በዋይፋይ ፖድካስቱን አውርዶ መተኛት ነው። ወደ ካናዳ የሚሻገር ሾፌር ሮሚንግ ይፈትሽ፤ ሳተላይቱ ደቡባዊ ካናዳ ላይ ይሰማል፣ የስልኩ ዳታ ግን እንደ ኮንትራቱ ነው።

የንግድ ተሽከርካሪ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። ስልኩ እጅ በሚደርስበት ተሰቅሎ በአንድ ቁልፍ ንኪት የሚሠራ ካልሆነ ቅጣቱ ከሬዲዮው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | የዕቃ ወጪ | ሥራው | ድምፅ | ኔትወርክ በሌለበት | ትራክ ሲቀየር | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የፋብሪካውን ማስነሳት | ከምንም እስከ አንቴና ዋጋ | በጣም ቀላል | ጥሩ | ይሠራል | ከትራኩ ጋር ይቀራል | መቀበያ ያለው ቴፕ ይጠይቃል |
| ተለጣፊ በኦክስ | ዝቅተኛ | ቀላል | ጥሩ | ይሠራል | አብሮ ይሄዳል | ሽቦ ክሩስኮቶ ላይ ይታያል |
| ተለጣፊ በኤፍኤም ቀጥታ ማገናኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ ቴፑ ይወጣል | መካከለኛ | ይሠራል | በከፊል | የማያያዣ አለመግጠም |
| ተለጣፊ በኤፍኤም አስተላላፊ | ዝቅተኛ | በጣም ቀላል | ደካማ | ይሠራል | አብሮ ይሄዳል | በየከተማው ጣቢያ ይገባበታል |
| ስውር መቀበያና አዳፕተር | ከፍ ያለ | ከባድ | ጥሩ | ይሠራል | መቀበያው ይነቀላል | ለከባድ ትራክ አይገኝም ማለት ይቻላል |
| ቴፑን መለወጥ | ከፍተኛ | ከባድ | ከሁሉ የተሻለ | ይሠራል | ከትራኩ ጋር ይቀራል | የአየር ጠባይ ሞገድና የመሪ ቁልፍ ሊጠፋ ይችላል |
| ስልክ | የለም | የለም | እንደ ኔትወርኩ | የወረደው ብቻ | አብሮ ይሄዳል | የጠፋ መስመር፣ የዳታ ጣሪያ |

## ለማን የትኛው

ለካምፓኒ ሾፌር፦ ተለጣፊ ሬዲዮ በኦክስ፣ አንቴናው ባልተበሳ ጣሪያ ላይ በማግኔት ወይም በሚነሣ ማጣበቂያ። ትራክዎ የፋብሪካ መቀበያ ካለውና ካምፓኒው ለረጅም ጊዜ እንደማይቀይርዎ ካወቁ ያንኑ ያስከፍቱ።

ለኦውነር ኦፕሬተር፣ ትራኩ አዲስ ከሆነ ፋብሪካው የሰጠውን አይንኩ፤ የመሪ ቁልፉና የአየር ጠባይ ሞገዱ ዋጋ አላቸው። ትራኩ የቆየና ኦክስ የሌለው ከሆነ በኤፍኤም ቀጥታ ማገናኛና በአዲስ ቴፕ መካከል ይወስኑ። ሌላ ሁለት ዓመት ብቻ ሊነዱት ከሆነ ማገናኛው ይበቃል።

ለፒክአፕና ለሆትሾት አዳፕተሩ ቆንጆ ነው፤ ገንዘቡ ካጠረ ግን ተለጣፊው ተመሳሳይ ቻናሎችን ይሰጣል። ክልል ውስጥ ብቻ፣ ለምሳሌ ከቨርጂኒያ እስከ ኒው ጀርዚ ለሚመላለስ ሰው ስልኩ በቂ ነው፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው። በሁለት ሰው የሚነዳ ትራክ ላይ ደግሞ አንዱ ስሊፐር ውስጥ ሲተኛ ሌላው ስለሚያዳምጥ ድምፁን ወደ ፊት ስፒከሮች ብቻ ማዞር የሚችል ቴፕ መኖሩን ያረጋግጡ።

መኪና ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ሊልክ ላሰበ ሰው፦ የሳተላይቱ ቁልፍ እዚያ ምንም አይቀበልም፤ ለእሱ ብሎ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ ያቋቋመው የሳተላይት ሬዲዮ ድርጅት፣ ወርልድስፔስ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ያመጠቀው አፍሪስታር የተባለ ሳተላይት ነበር ለአፍሪካ የሚያስተላልፈው። ያ ድርጅት ከኤክስኤም ጅማሬ ጀርባም እጁ ነበረበት፤ በ2008 ግን ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፣ ከዚያም ስርጭቱ ቆመ። ከዚያ ዘመን የተረፈ መቀበያ ቤት ውስጥ ካለም በሌላ ሞገድ ስለሚሠራ ለሲሪየስኤክስኤም አያገለግልም።

## ስለ ደንበኝነቱ በአጭሩ

አንድ ደንበኝነት ለአንድ የሬዲዮ መለያ ነው። የመግቢያው ቅናሽ ሲያልቅ ካርድዎ ላይ ሙሉ ዋጋው በራሱ ይቀጥላል፤ የሚያልቅበትን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡና ከሁለት ሳምንት በፊት ይደውሉ። ላቋርጥ ነው ሲባል የተሻለ ዋጋ መምጣቱ የተለመደ ነው። ሙዚቃ ባለው ጥቅል ላይ ከተጻፈው ዋጋ ሌላ የሙዚቃ መብት ክፍያ ይጨመራል፤ ስለዚህ «በወር ስንት?» ሳይሆን «ካርዴ ላይ በጠቅላላ ስንት ይቆረጣል?» ብለው ይጠይቁ። የአፑ ስርጭት በጥቅሉ ውስጥ መኖሩንም ያጣሩ፤ ካለ ሳተላይቱ የሚጋረድበት ከተማ ውስጥ ስልኩን መጠቀም ይቻላል።

## ክሩስኮቶው ከመዘጋቱ በፊት

ሁሉንም አገናኝተው ገና ሳይዘጉ ትራኩን ሜዳ ላይ ያውጡ። በሬዲዮው ምናሌ ውስጥ የሲግናል ጥንካሬ ማሳያ አለ፤ የሳተላይቱና ከተማ ውስጥ ሲግናሉን የሚደግመው የምድር ማስተላለፊያ ለየብቻ ይታያሉ። ከተማ ውስጥ የምድሩ ሙሉ ሆኖ የሳተላይቱ ባዶ ከሆነ አንቴናው በትክክል አልተቀመጠም፤ ከከተማ እንደወጡ ዝም ይላል። ትራኩን በቀስታ ሙሉ ክብ ያዙሩትና ማሳያው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወርድ ይመልከቱ፤ የሚወርደው የስሊፐሩ ጥላ ሲያገኘው ነው፣ አንቴናውን ከፍ ማድረግ ወይም ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል።

ከተመዘገቡ በኋላ ቻናሎቹ ካልተከፈቱ ሬዲዮው መክፈቻውን ሲግናል አላገኘም ማለት ነው። ከጋራዥ ወይም ከነዳጅ ማደያው ጣሪያ ሥር ይውጡ፣ ሬዲዮውን አብርተው የማስተዋወቂያ ቻናል ላይ ይተዉት፣ ከዚያ መለያውን በድረ ገጻቸው አስገብተው ሲግናሉን እንደገና እንዲልኩ ያድርጉ። ቻናሎቹ እስኪከፈቱ ድረስ አያጥፉት፤ ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል።